ዘጠኝ ወንበሮች፣ ሁለት ዓይነት ሥልጠና፦ የሂውስተን ትምህርት ቦርድ ጉዳይ

በአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት የትምህርት ቤት ቦርድ አባል የሥልጠና ሰዓቱን ካላሟላ ጉድለቱ በአደባባይ ይነበባል። የቦርድ ምርጫ ከመድረሱ በፊት በሚደረገው የመጨረሻ መደበኛ ስብሰባ ሰብሳቢው ወረቀቱን ያነሣና እገሌ አሟልቷል፣ እገሊት ከሚፈለገው በላይ ወስዳለች፣ እገሌ ግን ይጎድለዋል ይላል። ይህ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፤ የጎደለበት ካለም በትምህርት ዲስትሪክቱ፣ ማለትም የአካባቢውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሚያስተዳድረው አካል፣ ድረ ገጽ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ መራጩ ሰምቶ ይፍረድ ነው ነገሩ።

ይህን ደንብ መጀመሪያ ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕዝብ ገንዘብ የሠለጠነ ሰው ለሕዝብ መልስ ሲሰጥ ማየት ብዙ ጊዜ አይገጥምም። የሂውስተንን ጉዳይ ካየሁ በኋላ ግን ያ ወረቀት የሚቆጥረው ሰዓት ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። በቴክሳስ ከ1,000 በላይ የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ፤ አብዛኞቹን ሰባት ሰባት፣ እንደ ሂውስተን ያሉትን ደግሞ ዘጠኝ የቦርድ አባላት ይመሯቸዋል። አባላቱ የሚመረጡት ከሕዝብ ነው፤ ለሥራው ደመወዝ እንዳይከፈላቸው ሕጉ ደንግጓል። ነርስ፣ ጠበቃ፣ ነጋዴ፣ ጡረተኛ መምህር ሊሆኑ ይችላሉ። ዋናውን ሥራ አስኪያጅ የሚቀጥሩትና የሚያሰናብቱት፣ በጀቱን የሚያጸድቁት ግን እነሱ ናቸው። ስለዚህ የሥልጠናቸው ወጪ፣ መመዝገቢያው፣ መጓጓዣው፣ የሆቴል አልጋው፣ የአሠልጣኙ ክፍያ ጭምር፣ የሚሸፈነው ከዲስትሪክቱ ካዝና ነው። ካዝናውን የሚሞላው ደግሞ በአብዛኛው የቤትና የመሬት ባለቤቶች ግብርና የግዛቱ ድጎማ ነው።

ሥልጠናውን የሚሰጡትም ብዙ ናቸው። ግዛቱ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያደራጃቸው 20 ክልላዊ የትምህርት አገልግሎት ማዕከላት አሉ፤ ሂውስተን የምትገኘው በአራተኛው ክልል ነው። ዲስትሪክቶቹ በሚከፍሉት መዋጮ የሚንቀሳቀስ የቦርዶች ማኅበርም አለ። ይህ ማኅበር ከማሠልጠን አልፎ የግዛቱ ምክር ቤት ድረስ ሄዶ ስለሚሟገት፣ የግብር ከፋይ ገንዘብ ለምን ለዚህ ይውላል የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሣበታል። በግዛቱ የትምህርት ኤጀንሲ የተመዘገቡ የግል አማካሪዎችም ከገበያው ድርሻ አላቸው።

ሰዓቶቹ በደንብ የተወሰኑ ናቸው። አዲስ አባል ስለ ራሱ ዲስትሪክት 3 ሰዓት፣ ስለ ግዛቱ የትምህርት ሕግ 3 ሰዓት ይማራል። በመጀመሪያው ዓመት እንደየፍላጎቱ የሚመርጠው 10 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 5 ሰዓት አለበት። በ2017 በወጣ ሕግ ደግሞ የተማሪዎችን ውጤት እንዴት እንደሚመዝን በየሁለት ዓመቱ 3 ሰዓት ይሠለጥናል፤ ይህን አንዱን ሥልጠና ዕጩ ሆኖ ገና ሳይመረጥም ሊወስደው ይችላል። በየዓመቱ መላው ቦርድ ከሥራ አስኪያጁ ጋር በአንድነት የሚቀመጥበት 3 ሰዓትም አለ። ሰባት አባላትና አንድ ሥራ አስኪያጅ ሲደመሩ ስምንት ስለሚሆኑ ቴክሳሶች «የስምንቱ ቡድን» ይሉታል። እንደኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሌላውን እያንዳንዱ ብቻውን ተምሮ ሊያሟላው ይችላል፣ እዚህ ግን ተቀናቃኙ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

ወደ ሂውስተን እንሂድ። በቴክሳስ ትልቁ የትምህርት ዲስትሪክት ነው፤ በ2023 ከ270 በላይ ትምህርት ቤቶች፣ 190,000 ገደማ ተማሪዎች፣ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዓመታዊ በጀት ነበረው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 2018 ሥራ አስኪያጁ ሪቻርድ ካራንዛ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላቸው የኒውዮርክን ትምህርት ቤቶች ሊመሩ ሄዱ፤ ግሬኒታ ላተን በጊዜያዊነት ተተኩ። ቦርዱ ከዚያ ወዲያ ለሁለት ተከፈለ።

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ምሽት የሆነው የዚህ ጉዳይ ልብ ነው። በስብሰባው መካከል አንድ አባል ላተን ይነሡና በምትካቸው አቤላርዶ ሳቬድራ ይሾሙ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሳቬድራ እስከ 2009 ድረስ ይህንኑ ዲስትሪክት የመሩ ሰው ነበሩ። ድምፅ ተሰጠ፤ 5 ለ 4 አለፈ። ተሸናፊዎቹ አራቱ የሰሙት ያኔ ነበር፤ በአዳራሹ ቁጣ ነደደ። አራት ቀን አልፎ ጥቅምት 15 ላይ የቦርዱ አባላት ጋዜጠኞች ፊት ቀረቡ፤ ባሳዩት ጠባይ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ሳቬድራ ሹመቱን እንደማይቀበሉ፣ ላተን እንደሚቀጥሉ ተነገረ። ሹመትና ሽረት በአንድ ሳምንት ውስጥ አለቁ።

ግዛቱ ግን አልረሳውም። የቴክሳስ ትምህርት ኤጀንሲ ልዩ ምርመራ ከፍቶ በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ አምስቱ አባላት ሳቬድራን አስቀድመው በምግብ ቤት አግኝተው እንደተነጋገሩና ይህም የክፍት ስብሰባ ሕጉን የሚጥስ እንደሆነ ደመደመ። ቦርዱ የሪፖርቱን ድምዳሜዎች ተከራክሯል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በቴክሳስ እንደ ቦርድ ባለ የሕዝብ አካል ውስጥ ያለ ማንኛውም ተመራጭ ባለሥልጣን ሥራ በጀመረ በ90 ቀን ውስጥ የክፍት ስብሰባ ሕግን መማር ግዴታው ነው። ትምህርቱ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ቪዲዮ ነው፤ የሚያዘጋጀው የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው፤ በነፃ ይታያል። የትምህርቱ ፊደል ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ ነው፦ ከዘጠኝ ሰው አምስቱ ስለ ቦርዱ ሥራ ከተነጋገሩ፣ አዳራሽ ይሁን ካፌ፣ ስብሰባ ነው፤ ስብሰባ ከሆነ ደግሞ ሕዝቡ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ወሬውን ከአንዱ ወደ ሌላው እያሻገሩ አምስት መሙላትም መውጫ እንዳይሆን የግዛቱ ምክር ቤት በ2019 ክልከላውን በአዲስ ቃል ደንግጎታል። አምስት የምትባለውን ቁጥር ለማወቅ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም ነበር። የጎደለው ዕውቀት ነው ብሎ ሌላ ሰዓት ከመጨመር በፊት ይህን ማየት ይገባ ነበር።

ከቪዲዮው ሌላ ከበድ ያለ ሥልጠናም ነበር። ኤጀንሲው «ሎን ስታር ገቨርናንስ» የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ስሙን የወሰደው ከግዛቱ ባለ አንድ ኮከብ ባንዲራ ነው። በሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ይጀምራል፤ ከዚያ አሠልጣኝ እየተከታተለ ቦርዱ ራሱን በነጥብ ይመዝናል። መፈክሩ «የአዋቂዎቹ ጠባይ ሳይለወጥ የተማሪዎቹ ውጤት አይለወጥም» የሚል ነው። ከፕሮግራሙ ሁሉ የማረከኝ አንድ ቀላል ነገር አለ፦ ስብሰባው ሲካሄድ አንድ ሰው ደቂቃ ይቆጥራል። ስለ ጣሪያ ጥገና የተወራበት ደቂቃ በአንድ ዓምድ፣ ስለ ሦስተኛ ክፍል ንባብ የተወራበት ደቂቃ በሌላ ዓምድ ይጻፋል። ቢያንስ ግማሹ ጊዜ ለተማሪዎች ውጤት መዋል አለበት። እንደ ዕቁብ ደብተር ነው፤ ማን ምን እንዳዋጣ ይታወቃል። ብዙ ቦርዶች መጀመሪያ ሲቆጥሩ የሚያገኙት ቁጥር አንገት ያስደፋል፤ አራት ሰዓት ተቀምጠው ስለ ልጆቹ ትምህርት አሥር ደቂቃ ያላወሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

የሂውስተኑ ቦርድ ራሱ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ነበር። ሥልጠና ያልደረሰው ቦርድ አልነበረም ማለት ነው። በሠንጠረዥ መልክ ግቦች ነበሩት፣ ራሱን ይመዝን ነበር፣ አሠልጣኝ ነበረው። ሥልጠናው ዋጋ የለውም ለሚል ሰው ይህ ጥሩ መከራከሪያ ይመስላል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ደቂቃ መቁጠር ስብሰባው ውስጥ ያለውን ጠባይ ይለውጣል፤ ከስብሰባው ውጭ የሚደረገውን ስልክና ምሳ አይደርስበትም። ያን የሚደርስበት በቦርዱ ውስጥ ያለ መተማመን ብቻ ነው። ይህን ደግሞ በዓመት 3 ሰዓት ብቻ አብሮ በመቀመጥ ለመገንባት መሞከር፣ ትዳርን በዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ እንደማስታረቅ ነው።

አሁን ወደ ዊትሊ ትምህርት ቤት። ቦርዱን የጣለው ምሽቱ ብቻ አይደለም። በ2015 የወጣ ሕግ አንድ ትምህርት ቤት ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ከወደቀ የትምህርት ኤጀንሲው ኃላፊ የሆነው ኮሚሽነር ወይ ትምህርት ቤቱን እንዲዘጋ፣ ወይ ለመላው ዲስትሪክት የተሿሚዎች ቦርድ እንዲያቆም ያዛል። በሂውስተን ይህን ገደብ ያለፈው ፊሊስ ዊትሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ከሕጉ አርቃቂዎች አንዱ የሆኑት የምክር ቤት አባል ሃሮልድ ደተን የዚሁ ትምህርት ቤት ምሩቅ ናቸው። ባርባራ ጆርዳንም ከዚያ ወጥተው ለአሜሪካ ኮንግረስ በቅተዋል። ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሆነው ግን ሦስተኛው ስም ነው፦ በነሐሴ 1989 ወደ ፉኚዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲጓዙ በምዕራብ ኢትዮጵያ ተራሮች አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ያለፉት የኮንግረስ አባል ሚኪ ሊላንድ በ1964 የተመረቁት ከዊትሊ ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት በር እንዲህ ያለ ሰው ወጥቶ፣ ከዓመታት በኋላ ትምህርት ቤቱ የዲስትሪክቱ ውድቀት መለያ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

ኮሚሽነር ማይክ ሞራት ዲስትሪክቱን እንደሚረከቡ ያስታወቁት ኅዳር 6 ቀን 2019፣ የቦርድ ምርጫ በተደረገ ማግሥት ነበር። ምክንያት ያደረጓቸው ዊትሊ፣ የምርመራው ግኝትና በዲስትሪክቱ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየው የግዛቱ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ዲስትሪክቱ ከሰሰ፤ በ2020 መጀመሪያ ዳኛ አገዱት፤ በ2021 ምክር ቤቱ ሕጉን አጠናከረ፤ በጥር 2023 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እገዳውን አነሣ። በመሐሉ ዊትሊ በ2022 ምዘና «ሲ» አግኝቶ አልፎ ነበር። ብዙ ወላጆችን ያበገነው ይህ ነው፤ በሽተኛው ድኖ ሳለ ቀዶ ሕክምናው ቀጠለ አሉ። ሰኔ 1 ቀን 2023 የተመረጡት ዘጠኙ ሥልጣናቸውን አጡ። በቦታቸው ኮሚሽነሩ የመረጧቸው ዘጠኝ የሂውስተን ነዋሪዎች ተቀመጡ፤ ቀድሞ ዳላስን የመሩት ማይክ ማይልስም ሥራ አስኪያጅ ተደረጉ።

የሥልጠና ገንዘብ ጥያቄ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ለአዲሱ ቦርድ ያመለከቱ ሰዎች ሹመቱን ከማግኘታቸው በፊት የሁለት ቀኑን ዐውደ ጥናት መውሰድ ነበረባቸው። ሕጉም ኤጀንሲው ለእያንዳንዱ ተሿሚ ውጤታማ የአመራር ሥልጠና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ማለትም፣ ሥልጠናው ከወንበሩ ቀደመ፤ አቅራቢውና ኃላፊነት ወሳጁ ግዛቱ ሆነ፤ የሚሠለጥኑትም አብረው የሚሠሩት ናቸው። ለተመራጮች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ወንበሩ ይቀድማል፣ ሥልጠናው በወራት ውስጥ ይከተላል፣ ወጪው ለዲስትሪክቱ ይተዋል፣ ሰዓቱም በአመዛኙ በየግል ይሟላል።

ሌላም አለ። ግዛቱ ወደ አንድ ዲስትሪክት ተቆጣጣሪ ሲልክ የተቆጣጣሪውን ወጪ የሚሸፍነው ያው ዲስትሪክት ነው። አልከፍልም ቢል ኮሚሽነሩ ከሚሰጠው የግዛት ድጎማ ላይ ቀንሶ መክፈል ይችላል። ከሦስት ዓመት በላይ የፈጀው የፍርድ ቤት ክርክርም ከሁለቱም ወገን የጠበቃ ወጪ ነበረው፤ ከሳሹም ተከሳሹም የሚከፍሉት ከአንድ ሕዝብ ኪስ ነው። ለማፍረስ ገንዘብ ሲገኝ ለመጠገን ጠፋ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር።

የተሿሚዎቹ ቦርድ በሠለጠነው መጠን አፈራ ወይ? በቁጥር ከታየ፣ በ2023 ምዘና «ኤፍ» ያገኙ 56 ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ በ2025 አንድም አልነበረም። ይህን አቃልሎ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ስብሰባዎቹም ሥርዓት ያዙ፤ ቦርዱ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የሚጋጭበት ሌሊት አልታየም። ነገር ግን መምህራን በብዛት ለቀቁ፣ የተማሪ ቁጥር ቀነሰ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ወደ ሌላ አገልግሎት ዞሩ፤ ወላጆች ለአንድ ደቂቃ ንግግር ተሰልፈው አመሹ። በኅዳር 2024 ቦርዱ 4.4 ቢሊዮን ዶላር የትምህርት ቤት ግንባታ ቦንድ ለሕዝብ ድምፅ ሲያቀርብ መራጩ ውድቅ አደረገው። ሕንፃዎቹ መታደስ እንደሚያስፈልጋቸው ተቃዋሚዎቹም አልካዱም፤ ያላመኑት ቦርዱን ነው።

በዚህ ውጤት ላይ የተሿሚዎቹ ሥልጠና ምን ድርሻ አለው ብሎ መለየት ከባድ ነው፤ የሥራ አስኪያጁ ሥልጣን ከሁሉ የገዘፈ ስለሆነ ማለቴ ነው። አንድ ነገር ግን ከሁለቱ ቦርዶች ንጽጽር ጎልቶ ይወጣል። የመጀመሪያው ቦርድ የመራጭ አመኔታ ነበረው፤ አንድነት አልነበረውም። ሁለተኛው አንድነት አለው፤ የመራጭ አመኔታ የለውም። ሁለቱንም የሚገነባ ሥልጠና ማንም አልከፈለበትም። ዕጩዎች ገና ለመወዳደር ሲመዘገቡ፣ አሸናፊው ከመለየቱ በፊት፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሁለት ቀን ሥልጠና ግዛቱ ቢከፍልስ? የተማሪ ውጤት ምዘናውን ሥልጠና ዕጩ ሆኖ መውሰድ ስለተፈቀደ በሩ ገርበብ ብሏል። አብዛኛው ዕጩ በምርጫው ይሸነፋልና ገንዘቡ ይባክናል የሚል ተቃውሞ ይመጣል። እኔ ግን የተሸነፈውና የሠለጠነው ሰው በአዳራሹ የሕዝብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምልዓተ ጉባኤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጎረቤት ይሆናል እላለሁ። ጥቅምት 11 ምሽት ከተሰብሳቢው መካከል እንዲህ ያሉ ሃምሳ ሰዎች ቢኖሩ ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው ምኞቴ በገንዘብ ረገድ ርካሽ ነው። አብሮ የመቀመጫው ሥልጠና ከ3 ሰዓት ይብዛ፤ ሥራ አስኪያጅ ሲለቅ ደግሞ አዲስ ለመፈለግ ከመነሣት በፊት ግዴታ ይሁን። ካራንዛ ከሄዱበት መጋቢት እስከ ጥቅምቱ ምሽት ሰባት ወር ነበር። በእነዚያ ሰባት ወራት ዘጠኙ በአንድ ክፍል ተዘግተው፣ ጊዜያዊዋን ሥራ አስኪያጅ በምን እንመዝናለን፣ ቋሚውን እንዴት እንመርጣለን የሚለውን ቢጨርሱት፣ የምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ባላስፈለገ ነበር።

ርክክቡ በሁለት ዓመት የሚያበቃ መስሎ ነበር፤ በሰኔ 2025 ሞራት እስከ ሰኔ 1 ቀን 2027 አራዘሙት፣ ከተሿሚዎቹም አራቱን ተኩ። የሂውስተን መራጮች ግን ድምፅ መስጠታቸውን አላቋረጡም፤ ሥልጣን የሌላቸው ተመራጮች በየምርጫው ይመረጣሉ። ሕጉ እንደሚለው መመለሱ በአንዴ አይሆንም፤ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛ ተሿሚ ይወጣል፣ አንድ ሦስተኛ ተመራጭ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተመራጮች ሲገቡ ስድስቱን ተሿሚዎች ግዛቱ አሠልጥኖ ያስቀመጣቸው ሆነው ያገኟቸዋል። ለእነሱ ደግሞ የትምህርት ሕጉን ለማወቅ 3 ሰዓት፣ ዲስትሪክታቸውን ለማወቅ 3 ሰዓት፣ ለቀሪው 10 ሰዓት ይሰጣቸዋል፤ ከቀጣዩ ምርጫ በፊት በሚደረገው ስብሰባም ሰብሳቢው ወረቀቱን አንሥቶ ማን ማሟላቱን ያነባል።